የሯጩ ስም የማን ነው?

ለቢቸናና ለሞጣ ስፖርተኞች፣ ወላጆችና መምህራን የተሰናዳ ዲስኩር

የሩጫውን ነገር አሠልጣኞቻችሁ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። እኔ ልናገር የመጣሁት ሩጫው ከተሳካ በኋላ ስለሚመጣው ወረቀትና ፊርማ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ የሮምን ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በማግስቱ ዕንቁጣጣሽ ሆነ። በዚያው ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሕግ ቁጥር 27 ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ባለቤቱ ሳይፈቅድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ተደንግጓል። ቁጥር 29 ደግሞ ያለ ፈቃድ በሰው ምስል የተጠቀመ ሰው ድርጊቱን እንዲያቆምና፣ ዳኛው ተገቢ መስሎ ከታየው፣ ካገኘው ጥቅም እንዲከፍል ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። አሜሪካኖች ለኮሌጅ ስፖርተኞቻቸው ይህንን መብት ለማስከበር እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ተሟግተዋል። በእኛ አገር ሕጉ አበበ በሮም ባሸነፈ ማግስት ሥራ ላይ ውሎ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ካሉት ወጣቶች መካከል አንቀጹን የሰማ ካለ እጁን ቢያነሣ ደስ ይለኛል።

አበበ ራሱ ከፊቱና ከስሙ ምን አተረፈ? በዘመኑ የኦሊምፒክ ደንብ ስፖርተኛ በስፖርቱ ገንዘብ እንዳይቀበል ያግድ ነበር። ደንቡ ቀልድ አልነበረም። ጂም ቶርፕ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልጅ በ1912 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ አግኝቶ፣ ከዚያ በፊት ለጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውቷል ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። የተመለሱት እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አበበም በዚያው ደንብ ሥር ሮጠ። በ1961 እ.ኤ.አ. ለውድድር ኦሳካ በሄደ ጊዜ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ የእኔን ጫማ አድርገህ ሩጥ ብሎ ለመነው፤ አበበም አደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ እግሩ ላይ የነበረው ፑማ ነው። ሁለቱም ድርጅቶች ዛሬ ድረስ በዓለም ገበያ አሉ፤ የኦኒትሱካው ድርጅት አሁን አሲክስ ይባላል። ለአበበ ከመንግሥት ማዕረግና አንዲት ቮልስዋገን ተሰጠው፤ በመኪና አደጋም ሽባ ሆኖ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ።

ነገሩ በዚያ አልተቋጨም። ቪብራም የተባለ ጫማ አምራች ለባዶ እግር ሩጫ የሚመስል፣ ጣት ጣት ያለው ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሸጠው። የአበበ ቤተሰብ በ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 እ.ኤ.አ. ዳኛው ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ መዘግየት ነበር፤ ቤተሰቡ ነገሩን እያወቀ ለዓመታት ሳይከስ ቆይቷል ተባለ። ፍርዱ ስሙ የአበበ አይደለም አላለም። ሳይከሱ ያለፉት ዓመታት ግን መብቱን በሉት። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ስለ አበበ እንድታዝኑ አይደለም። መብት በወቅቱ ካልተጠየቀ እንደሚያልፍ ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ልውሰዳችሁ፤ ከዚህ አካባቢ ጥቂት የማይባሉ ልጆች ዓይናቸው እዚያ ላይ ስለሆነ። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ትልቅ ንግድ ነው። ስታዲየሙ ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ በቢሊዮን ዶላር ይገዛዋል፣ አሠልጣኙ በሚሊዮን ይከፈለዋል። ሜዳው ላይ ያለው ተማሪ ግን የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያና ምግብ ብቻ ያገኝ ነበር። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ10,000፣ በ5,000፣ በ3,000 እና በ3,000 ሜትር መሰናክል። እንዲህ ያለ ነገር ከእርሱ በፊትም በኋላም አልታየም። ያን ጊዜ የነበረው ደንብ ግን አንድ ሱቅ እንኳ ፎቶውን ለጥፎ እንዲከፍለው አይፈቅድም ነበር።

ደንቡ የተነቃነቀው ኤድ ኦባነን በተባለ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የራሱን ቁመና፣ የራሱን ቁጥር፣ የራሱን ቡድን አየ፤ ፈቃዱን ግን የጠየቀው አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. ከሰሰ፤ በ2014 ክላውዲያ ዊልከን የተባሉት ዳኛ ፈረዱለት። በ2019 የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የኮሌጅ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በሰኔ 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር ላይ ፈረዱ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐምሌ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በሩ ተከፈተ። በሰኔ 2025 ደግሞ እኚያው ዳኛ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት ላለፉት ዓመታት ካሣ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል፣ እያንዳንዱ ኮሌጅም ራሱ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ተፈቀደ።

እኔ ይህ ትክክል ነው እላለሁ። ላብ ያፈሰሰው ልጅ ፊቱ በተሸጠ ቁጥር ድርሻ ይገባዋል። ትምህርቱ ይበላሻል፣ ልጁ በገንዘብ ይሰክራል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ገንዘቡ ለአሠልጣኙ ሲሰጥ ስካር ያልሆነ፣ ለልጁ ሲሰጥ ብቻ ስካር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ ልጆች ግን ይህን ወሬ ሰምተው ከመጓጓታቸው በፊት ማወቅ ያለባቸው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው የቪዛው ነገር ነው። ከውጭ የሚሄድ ተማሪ የሚይዘው የተማሪ ቪዛ በአሜሪካ ምድር እንደ ልብ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘትን አይፈቅድም። ማስታወቂያ ሠርቶ መከፈልም እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ የተወለደው የቡድን ጓደኛው የጫማ ሱቅ ማስታወቂያ ሲሠራ፣ ከቢቸና የሄደው ልጅ ያንኑ ቢያደርግ ቪዛውን ሊያጣ ይችላል። የኮንጎው ተወላጅ ኦስካር ሺብዌ ለኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት መፍትሔ የሆነው ቡድኑ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ባሃማስ በሄደ ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ የማስታወቂያ ሥራውን መሥራት ነበር። ያሬድ ንጉሤን አስቡት። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እርሱ ግን አሜሪካ ተወልዶ ስላደገ የቪዛ ጣጣ አልነካውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ለኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሮጦ በ1,500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ ቆይቶ ኦን ከተባለው የጫማ ድርጅት ክለብ ገባ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ያንኑ ሰዓት የሚሮጥ የሞጣ ልጅ በዚያው ኮሌጅ ቢቀመጥ መንገዱ ከእርሱ የጠበበ ነው።

ሁለተኛው ከዚህም የከበደ ነው። ኮሌጆቹ ገና ያልገባ ተማሪ ከዚያ በፊት በስፖርቱ ደመወዝ ተቀብሎ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከክለብ ጋር ፈርሞ በየወሩ ደመወዝ የበላ፣ ከማናጀር ጋር የተዋዋለ ልጅ፣ በቆየው ደንባቸው ባለሙያ ተብሎ ሊታገድ ይችላል። ደንቡ በየጊዜው እየላላ ቢመጣም በዚህ በር ላይ ዘበኛው አሁንም ቆሟል። ትምህርቷን ጨርሳ ከሁለተኛ ደረጃ የወጣች ልጅ ዕድሜዋ ገና 18 ሳለ በአንድ ቀን ፊርማ የኮሌጁን መንገድ ልትዘጋ ትችላለች፤ ስትፈርም የነገራት ሰው ላይኖር ይችላል። ክለብ መግባቷ ስሕተት ነው አላልኩም። ለብዙዎቻችን ቤት የክለብ ደመወዝ የታናናሾች ደብተርና የእናት መድኃኒት ነው። መምረጥ የምትችለው ግን ሁለቱን በር ካየች ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በዚህ አካባቢ የሚሮጥ ልጅ መንገዱ ይታወቃል። መጀመሪያ የትምህርት ቤት፣ ከዚያ የወረዳ፣ ከዚያ የዞንና የክልል ውድድር አለ። ሰዓቱ ጥሩ ከሆነ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ይገባል፤ ደብረ ብርሃን፣ ተንታ፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ። ከዚያ ወደ ክለብ ይሄዳል፤ አማራ ማረሚያ፣ አማራ ፖሊስ፣ ንግድ ባንክ፣ መቻል። ከጎጃም ምድር ይህን መንገድ ሄዶ እስከ ዓለም መድረክ የደረሰ ሰው እናውቃለን። ከሰከላ የወጣችው ውዴ አያሌው በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝታለች፤ ታናሽ እኅቷ ሕይወት አያሌው ደግሞ በ3,000 ሜትር መሰናክል አገራችንን ወክላ ሮጣለች። እነዚህ እኅትማማቾች የሮጡበት አፈር የእኛው ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከክፍል ሲርቁ፣ ሩጫ ለብዙዎች የቀረ ብቸኛ ተስፋ ሆኗል። ስለዚህም ይህ የፊርማ ጉዳይ ዛሬ ከትናንት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የተቸገረ ሰው ቶሎ ይፈርማል።

ልጁ ውጭ ሲወዳደር ማናጀር ይመጣል። ማናጀር የሚሆነው ሰው ከዓለም አትሌቲክስ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝርም ለማንም ክፍት ነው። በተለመደው አሠራር ከሽልማት ገንዘብ 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። ቀጥሎ የጫማ ድርጅት ይመጣል። ትጥቅ ይሰጣል፣ ደመወዝ ይሰጣል፣ ክብረ ወሰን ለሰበረ ቦነስ ይሰጣል። በምላሹ የሚወስደው ስምንና ፊትን ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ የዓለምን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ አንዱ ጥንድ በ500 ዶላር ይሸጥ ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ ጫማዋን አውልቃ ሳመችው፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ። እንግዲህ አንዲት ኢትዮጵያዊት በአንድ ቀን ውስጥ ለአንድ ዕቃ ስንት ዋጋ እንደጨመረች አስቡ። ስም ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ውሉ ይዘት ልናገር፤ ከሁሉም የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነውና።

የጫማ ውል ብዙውን ጊዜ «በዓመት ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ ይጀምራል። ልጁም ወላጁም ያንን ቁጥር አይተው ይፈርማሉ። ከሥር ግን መቀነሻ አንቀጾች አሉ። በዓመት የተባለውን ያህል ውድድር ካልሮጥክ ይቀነሳል። ደረጃህ ከተባለው ቁጥር ከወረደ ይቀነሳል። ብትጎዳም ያው ነው። ሌላም አለ፤ ውሉ ሲያልቅ ሌላ ድርጅት የተሻለ ቢያቀርብልህ፣ የመጀመሪያው ድርጅት ያንኑ ዋጋ እከፍላለሁ ብሎ ሊያስቀርህ መብት አለው የሚል። ቦሪስ ቤሪያን የተባለ አሜሪካዊ የ800 ሜትር ሯጭ በ2016 እ.ኤ.አ. የገጠመው ይህ ነው። ኒው ባላንስ በዓመት 125,000 ዶላር ያለ ምንም መቀነሻ ሊከፍለው ሲል ናይክ ዋጋውን እኔም እሰጣለሁ ብሎ በፍርድ ቤት ከሰሰው። ክርክሩ ያጠነጠነው በመቀነሻው አንቀጽ ላይ ነበር፤ መቀነሻ ያለበት 125,000 እና መቀነሻ የሌለበት 125,000 አንድ ናቸው ወይ የሚል። ናይክ ክሱን ሲያነሣ ሰውየው ነፃ ወጣ። ለኦሊምፒክ ማጣሪያ የሚዘጋጅበትን ወቅት ግን ያሳለፈው ከጠበቃ ጋር ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ፣ ጠበቃ በየመንገዱ ያለበት አገር ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ከእነማይ ወይም ከሁለት እጁ እነሴ የወጣው ልጃችን ምን ይሆናል?

ለሴት ልጆቻችን ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. አሊሲያ ሞንታንዮና አሊሰን ፊሊክስ የተባሉ አሜሪካውያን ሯጮች በእርግዝና ምክንያት የጫማ ድርጅቶች ክፍያ እንደሚቀንሱ በአደባባይ ተናገሩ። ፊሊክስ በዚያን ጊዜ በርካታ የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ሴት ነበረች። ከጩኸቱ በኋላ ናይክ እርግዝናንና ከወሊድ በኋላ ያለውን ጊዜ በሚያካትት 18 ወር ውስጥ ክፍያ እንዳይቀነስ ደንቡን ቀየረ። በእኛ አገር ሴት ሯጮች ወልደው ተመልሰው ማሸነፋቸውን በኩራት እንናገራለን። እርጉዝ ሳሉ ውላቸው ምን ይል እንደነበር ግን አንጠይቅም። እናቶች፣ ልጃችሁ ስትፈርም ይህን አንቀጽ አስነብቡ።

የዕድሜንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ ለብቻው ውል አይዋዋልም፤ ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው የሚዋዋልለት። ይህ ለልጁ መከላከያ ነው። በወጣቶች ውድድር ለመሮጥ ዕድሜ ሲቀነስ፣ ወይም ለክለብ ለመፈረም ዕድሜ ሲጨመር የምናውቀው ነው። ዕድሜዋ በወረቀት ላይ 18 ተብሎ የተጻፈላት የ16 ዓመት ልጅ የሕጉን ከለላ አጥታለች። ይህን የምናደርግላት ደግሞ እኛ፣ የምንወዳት ሰዎች ነን። በዚህ ላይ ጨክኜ ነው የምናገረው፤ ዕድሜ መደለዝ ለልጅ አይበጅም።

አርሶ አደሩ በዚህ አገር ግማሽ ጥማድ መሬት ለአንድ ዓመት ሲያከራይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ምስክር ይቆጥራል፣ አረንጓዴ ደብተሩን ያወጣል፣ ወሰኑን ያስረግጣል፣ ወረዳ ሄዶ ያስመዘግባል። የልጁ ስምና ፊት ግን፣ ምናልባት ከዚያ መሬት የሚበልጥ ገንዘብ የሚያመጣው ንብረት፣ በሆቴል በረንዳ ላይ በማያነበው ቋንቋ፣ ያለ አንድ ምስክር ይፈረማል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። አላነበብኩትም ማለት ብዙ አያድንም።

ከውጭው ውል ይልቅ ለብዙዎቻችሁ የሚቀርበው የአገር ቤቱ ነው። አንድ ሯጭ ሜዳሊያ ይዞ ሲመጣ ፎቶው በየጭማቂ ቤቱ፣ በየልብስ ስፌቱ፣ በየባንኩ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። አብዛኛው በፍቅር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለፍቅሩ ምስጋና ይገባል። ሕጉም ቢሆን በቁጥር 28 ላይ ለታወቀ ሰው ወይም በአደባባይ ለተደረገ ነገር ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ጋዜጣ የአሸናፊውን ፎቶ ለማተም ፈቃድ አይጠይቅም። እኔ ግን በፅኑ የማምነው ያ ልዩ ሁኔታ ለዜና እንጂ ለሽያጭ አለመሆኑን ነው። የሯጭን ፊት በሳሙና ካርቶን ላይ ማተም ዜና አይሆንም። ፍርድ ቤቶቻችን ይህን አጥርተው ቢፈርዱ፣ ሕግ አውጪዎቻችንም አንቀጹን ለዘመኑ ቢያብራሩት ትልቅ ሥራ ነው።

ስምን አሳልፎ መስጠት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የአርሲዋ ልጅ ዘነበች ቶላ ወደ ባሕሬን ሄዳ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ሮጠች። በ2007ና በ2009 እ.ኤ.አ. በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በመሄዷ አልፈርድባትም፤ እኛ ልንሰጣት ያልቻልነውን ሌላ አገር ሰጣት። ልጆቻችን በአገራቸው ስም እንዲሮጡ ከፈለግን ስማቸው በአገራቸው እንዲያበላቸው ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው። መምህራን፣ ሯጭ ተማሪዎቻችሁ የትምህርት ማስረጃቸውን አሟልተው እንዲይዙ አድርጉ፤ ኮሌጅ የሚመርጥ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱን ነው። ልጆች፣ ወረቀት በቀረበላችሁ ዕለት አትፈርሙ፤ በአማርኛ ተተርጉሞ ይሰጠኝ በሉ፤ ይህን እምቢ ያለ ሰው ሌላውንም እምቢ ይላችኋል። የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እንዲሁም የሞጣ ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ በእናንተ በኩል የሚያልፍ ልጅ ሁሉ የውሉን ቅጂ በቢሯችሁ ያስቀምጥ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ በወር አንድ ቀን ቢቸና፣ በወር አንድ ቀን ሞጣ መጥተው የልጆቻችንን ውል በነፃ እንዲያነቡልን በደብዳቤ እንጠይቃቸው። የደብዳቤውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ከአዳራሹ ከመውጣታችን በፊት ከወላጆች፣ ከአሠልጣኞችና ከመምህራን አንድ አንድ ሰው መርጣችሁ ይፈርሙበትና ነገ ወደ ማርቆስ ይላክ።